ጌጫ ባሕር የላትም፤ ታዲያስ?

«ባሕር በሌለበት አገር ምን ጫጉላ ይወጣል?» አለኝ ሙሽራው።

«የምታገባው ልጅቷን ነው ባሕሩን?» አልኩት።

የአክስቴ ልጅ ነው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። እሱ ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ነው፤ እኔ የጌጫ ሰው ነኝ። ከሠርጉ በኋላ ከሙሽሪት ጋር የሚያርፍባት ቤት ምን ዓይነት እንደሆነች በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ። ትንሽ ትሁን፤ ጸጥ ያለች ትሁን፤ ጥንዶች ብቻ የሚያድሩባት ትሁን፤ ቁርሷ ከአልጋው ዋጋ ጋር አብሮ የታሰበ ይሁን፤ ባሕር ዳር ትሁን።

«አምስት ነገር ጠየቅህ። አራቱ የሰው ሥራ ነው፤ ሰው ካሰበበት ጌጫም ላይ ይሠራዋል። አምስተኛውን አገሪቱ ራሷ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ አጥታዋለች። ሙሽራ ስለሆንክ ከየት ታምጣልህ?»

«እንግዲያው ዛንዚባር እሄዳለኋ!»

«ሂድ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ። ግን የጫጉላህን ግማሽ ሻንጣ ስትጠብቅና ምንዛሪ ስታሰላ እንዳትጨርሰው።»

አባቱ ከጎን ገቡ። «ድሮ ምጽዋ ነበረችን! ጠዋት ከአስመራ ተነስተህ 115 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ትወርድና ለምሳ ዓሣህን ትበላለህ። ባሕር ማለት እሱ ነበር።»

«ጋሼ፣ ከአክስቴ ጋር ነው የወረዱት?»

«በውትድርና ጊዜ ነዋ፤ ከጓዶቼ ጋር።»

«ስለዚህ ምጽዋ የእርስዎና የጓዶችዎ ነበረች። የባልና ሚስት አልነበረችም።»

አክስቴ ከወጥ ቤት ሰምታ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን አንድ ነገር ተናገረች፦ «እኔና እሱ እኮ ልጅ ከወለድን ወዲህ ብቻችንን አንድ ሌሊት እንኳ ከቤት ወጥተን አድረን አናውቅም።» ማንም መልስ አልሰጠም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለሙሽራው ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል፤ ለእሷ ነው።

«ባልና ሚስት ቤት እያላቸው አልጋ መከራየት ምን የሚሉት ብክነት ነው?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ቤታቸው መቼ የእነሱ ሆኖ ያውቃል? መጀመሪያ የልጆች ነው። ልጆቹ ከፍ ሲሉ ለትምህርት ከገጠር የመጣው የወንድም ልጅ ነው። እሱ ሲመረቅ ለሕክምና የመጡት አማት ናቸው። ጠዋት ቡና ላይ ጎረቤት አለ፤ እሑድ ዕድር አለ፤ ማታ ቴሌቪዥኑ አለ። ይህን ሕይወት አልጠላውም፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ነገር ግን በዚህ ሁሉ መካከል ባልና ሚስት የሚያወሩት ስለ ዘይት ዋጋና ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። አንዱ ሌላውን «ደክሞሃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት ሰዓት ከቀኑ ውስጥ ተሰርዟል።

«ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ በባህላችን የለም።» በባህላችንማ ነበረ! ለሙሽሮች የሚሠራውን ጫጉላ ቤት ማን አመጣው? ከዋናው ቤት ገለል ብሎ ይሠራ ነበር፤ ሚዜ ይጠብቀው ነበር፤ ምግብ ተሠርቶ ይገባበት ነበር። የጥንዶች አልጋና ቁርስ ማለት ይኸው ነው፤ ቀድመን የነበረን እኛ ነን። ጉድለቱ አንድ ጊዜ ተሠርቶ መፍረሱ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት አብረው ለኖሩ ጥንዶች ዳግመኛ ጫጉላ የሚሠራላቸው የለም።

«እሺ፣ ጌጫ ደግሞ የት ነው?»

ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ሸካ ዞን፣ አንድራቻ ወረዳ። ከቴፒ ወደ ማሻ ሲወጡ መንገድ ላይ ያገኙናል።

«ሩቅ ነው!»

ሩቅ መሆኑን አልክድም። ከአዲስ አበባ በጅማ፣ በቦንጋና በሚዛን አድርጎ የሚመጣ ሰው ጌጫ ሲደርስ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። ታዲያ ባልና ሚስት ከጩኸት ካልራቁ ለምን ከቤታቸው ይወጣሉ? ቢሾፍቱ ቅርብ ነው። ቅርብ በመሆኑም ቅዳሜና እሑድ አዲስ አበባ ግማሿን ጭና እዚያው ትወርዳለች፤ ሐይቁ ዳር የሚቀመጡት ጥንዶች ከጎናቸው ያለውን የልደት ዘፈን ሲሰሙ ይውላሉ። ላንጋኖና ሐዋሳም በበዓል ሰሞን እንዲሁ ናቸው። ውኃ ዳር መቀመጥና ጸጥታ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አንድ ጊዜ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል።

«ደግሞ እናንተ ጋ ዝናብ ነው አሉ።»

ባሕር ዳር ለመርጠብ በዶላር የሚከፍል ሰው ጌጫ ላይ በነፃ ቢረጥብ ምን ቅር ያሰኘዋል? እውነቱን ልናገር፦ ሸካ በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ዝናብ የማይወድ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይምጣ። ዝናብ የሚወድ ጥንድ ግን በሌላው ወር ይምጣ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከሰዓት በኋላ የትም መሄድ አይቻልም። ስልኩ ኔትወርክ ያጣል፤ መብራቱም አንዳንዴ ይሄዳል። ቀርቶ የሚገኘው አጠገብህ ያለው ሰው ብቻ ነው።

«ታዲያ ምን ይታያል እዚያ?»

እርስ በርስ ትተያያላችሁ። ከዚያ የተረፈ ጊዜ ካላችሁ ደኑን እዩ። የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ ጎረቤቶቻችን ከፋና ያዩ በ2002 ቀድመውናል። ጉሬዛው ጠዋት ጠዋት ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ነጭ ጭራው ይታያል። ከፍ ባለ ዛፍ ጫፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ታያላችሁ። ማን እንደሰቀለው ብትጠይቁ ስሙን፣ ጎሳውንና የደኑን ወሰን ጨምሮ የሚነግራችሁ አይጠፋም። ሸካ ደኑን ተከፋፍሎ የሚጠብቅበት «ኮቦ» የሚባል የቆየ ሥርዓት አለው፤ ቀፎ የሚሰቀልበትን ዛፍ ባለኮቦው ይጠብቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። ወደ ማሻ ከፍ ስትሉ ቀርከሃው ይጀምራል። በየሸለቆው ፏፏቴ አለ፤ መንገድ የሚያሳይ ጎረምሳ ይዛችሁ ሂዱ፣ ዋጋውንም ቀድማችሁ ተስማሙ።

«ባሕር ግን የለም።»

አሁንም ባሕር? ባሕሩ ለሰው ይርቅ ይሆናል፤ ለውኃችንና ለቡናችን አልራቀም። የሸካ ደን ወንዞች ባሮን ይመግባሉ። ባሮ በጋምቤላ አልፎ ሶባት ይሆናል፤ ሶባት ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ዓባይም ሜዲትራኒያን ይገባል። ጌጫ ጓሮ የወረደ ዝናብ ቪዛ ሳይጠይቅ ባሕር ይደርሳል። ቡናውም እንዲሁ ነበር። በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ጋምቤላ ወደብ ሆነች። ክረምት ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም ይመጡ ነበር። የጎሬና የአካባቢው ደጋ ቡና በሰውና በበቅሎ ጀርባ እየወረደ ይጫንባቸው ነበር። ከሁላችንም ቀድሞ ባሕር ያየው ቡናችን ነው፤ ለባልና ሚስቶቻችን የሚሆን አንዲት ማረፊያ ግን እስከ ዛሬ አላሰብንም።

ቡናን ካነሳሁ ስለ ቁርሱ ልናገር። የዚህ ቤት ግማሽ ነገሩ ቁርሱ ነው።

«ቁርስማ ምን ያስቸግራል? እንቁላል ፍርፍር፣ ዳቦ፣ ማርማላታ።»

ለምንድን ነው ማርማላታ? የሸካን ነጭ ማር ይዘን ከአዲስ አበባ የመጣ የጣሳ ማርማላታ ለእንግዳ ማቅረብ ነውር ነው! ጌተም ሲያብብ የሚቆረጠው ማር ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ። ቆጮው ከምጣድ ይውጣ። የቡላው ገንፎ በኮረሪማ በተነጠረ ቅቤ ይምጣ፤ ኮረሪማው ከዚሁ ከደኑ ጥላ ሥር የተለቀመ ነው። ጥምዝም አለ፤ ወጡን የሚለየው እሱ ነው። ወደ ቴፒና ወደ ሚዛን ወረድ ሲሉ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ጨሞ አለ፤ ያልቀመሰ እንግዳ ሳይቀምሰው አይሂድ። ቡናውም ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በጀበና ፈልቶ ይቅረብ። ከሚዛን በታች ካሉት ደኖች በ1920ዎቹ የተወሰደ የጌሻ ቡና ዘር ውቅያኖስ ተሻግሮ ፓናማ ደረሰ፤ በ1996 ዓ.ም. የፓናማን የቡና ውድድር አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት ቡናዎች ተርታ ገባ። የዚያ ቡና አገር ላይ ያደረ እንግዳ በማለዳ የፈጣን ቡና ከረጢት በሙቅ ውኃ ሲቀርብለት ማየት ያመኛል። አይቻለሁ፤ ስለዚህ ነው የምቆጣው።

አሁን ደግሞ የሚመር ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ ለአክስቴ መታመን አይሆንልኝም።

በዚህ መስመር ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ አንድ ዘመዴ ከሚስቱ ጋር መሽቶባቸው አልጋ ጠየቀ። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ልጅ ቀና ሳይል «ለሰዓት ነው ለአዳር?» አለ። ሚስትየው የአራት ልጆች እናት ናት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ባልየው ተቆጥቶ ወጣ፤ ሌሊቱን መኪና ውስጥ አሳለፉት። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ብዙ ቤት እንዲህ ነውና። «ሥራው ነው፣ ምን ያድርግ?» ትሉኛላችሁ። ሥራውማ እንግዳ መቀበል ነው! መታወቂያ ይጠይቅ፣ ይመዝግብ፣ ቁልፉን በሁለት እጁ ይስጥ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይበል። ባልና ሚስትን አብረው በመምጣታቸው የሚያሳፍር ቤት አንሶላው ሐር ቢሆንም ማረፊያ አይባልም።

ድምፁስ? የአልጋ ቤቶቻችን አሠራር ከታች መጠጥ፣ ከላይ አልጋ ነው። ድምፅ ማጉያው ከትራሱ ሥር ያለ ይመስል እስከ እኩለ ሌሊት ይደልቃል። «ሙዚቃ ከሌለ ደንበኛ አይመጣም» ይላል ባለቤቱ። የሚጠጣው አይመጣ ይሆናል፤ የሚተኛው ይመጣል። የሚተኛው ደግሞ ጠዋት ተነስቶ ሒሳቡን በሙሉ ልቡ ከፍሎ፣ ማር ገዝቶ፣ ቡና ገዝቶ፣ ለጓደኛው ነግሮ ይሄዳል።

«ለመሆኑ መንግሥት ሎጅ እየሠራ አይደል?» ሠርቷል፤ ደግ አድርጓል። በዚሁ በክልላችን ዳውሮ ላይ ሃላላ ኬላ አለ፤ ኮንታ ላይ፣ ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ውስጥ፣ የዝሆን ዳና ሎጅ አለ። መልካቸውን ያየ ሁሉ ያደነቃቸው ናቸው። ግን የአክስቴና የባሏ ጡረታ እዚያ ስንት ሌሊት ያሳድራቸዋል? ትልቁ ሎጅ ለትልቅ ኪስ ይኑር። እኔ የምለው ስለ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነው።

«ባለ ሦስት ክፍል ቤት ማን ይሠራል? ባለሀብት ይምጣ እንጂ!»

ባለሀብት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው መሬት ነው፤ መሬቱ ላይ ያለው ደግሞ ደኑ ነው። የሸካ ደን ለሻይና ለቡና ልማት እየተባለ ስንት ቦታ እንደሳሳ የአካባቢው ሰው ያውቃል። ሦስት ክፍል ያላት ቤት ዛፍ አታስቆርጥም፤ እንዲያውም ዛፉ እንዲቆም ምክንያት ትሆናለች፤ እንግዳው የመጣው ዛፉን ብሎ ነውና። የሌላ አገር ምሳሌ አላመጣም። ሰሜን ወሎ መቄት ላይ ገበሬዎች በገደሉ አፋፍ ጎጆ ሠርተው፣ ራሳቸው እያበሰሉ፣ ራሳቸው እያስተናገዱ እንግዳ ሲያሳድሩ ኖረዋል፤ ገቢውም ለማኅበረሰቡ ነበር። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ስትባል የገበሬው ፈረስና የገበሬው ጀልባ አብረው ተቆጥረዋል። ከእነዚህ በፊት ደግሞ በቀለ ሞላ ነበሩ። በስምጥ ሸለቆ መንገድ ዳር በየከተማው ሆቴል እየከፈቱ ላንጋኖ ዳርቻ ድረስ ደረሱ፤ ሰው ሐይቅ ዳር ማደርን ከእሳቸው ቤት ተማረ። አንድ ሰው ጀምሮት ነው አገር የለመደው።

ታዲያ ጌጫ ላይ ማን ይጀምር? ልጆቿ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሁለት ክፍል ባዶ የቀረባት እናት ትጀምር። ጓሮዋ እንሰት አለ፤ ቀፎ አለ፤ ቡና አለ። የጎደላት ጥሩ ፍራሽ፣ የሚዘጋ በር፣ የሞቀ ውኃና ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ነው። ሶላር ካለ ውኃው ይሞቃል፤ ከሌለም በእሳት የተጣደ ባልዲ ሙቅ ውኃ በሰዓቱ በር ላይ ከደረሰ እንግዳ አያማርርም። ሰው የሚያማርረው ቀዝቃዛ መሆኑ ሳይነገረው ቧንቧ ሥር ሲቆም ነው።

«ኧረ እሷ የሆቴል ሥራ መቼ ተማረች?»

አገር ሙሉ ለቅሶ ያስተናገደች ሴት ሁለት ሰው ማሳደር ያቅታታል? የማታውቀው ዋጋ መናገርን ነው፤ እንግዳ ማስከፈል ነውር ይመስላታል። ይህንን ልጆቿ ያስተምሯት። ዋጋው በር ላይ ይጻፍ፤ ለሀበሻም ለፈረንጅም አንድ ይሁን፤ ቁርሱ በዋጋው ውስጥ ይግባ። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም ቅርቧ ነው፤ የሚያሠለጥናትን ሰው ከዚያ መጠየቅ ይቻላል።

«ሰፈሩ ምን ይላል? ‹ቤቷን አልጋ ቤት አደረገችው› አይሏትም?»

ይሏታል። መጀመሪያ የምትቀበለው እንግዳ ሁሉንም ዝም ያሰኛል፤ በተለይ ያ እንግዳ ሽበት ያለው ባልና ነጠላ ያጣፋች ሚስት ከሆኑ። ስለዚህ ለሙሽሮች ብቻ አታድርጉት እላለሁ። ሙሽራ አንዴ መጥቶ ይሄዳል፤ የሠላሳ ዓመት ጥንድ ግን ከወደደው በየዓመቱ ይመለሳል፤ የዕድር ጓደኞቹንም ይነግራል። ውጭ አገር ያላችሁ ልጆችም ለእናትና ለአባታችሁ ከምትልኩት ገንዘብ ላይ ሁለት ሌሊት ቀንሳችሁ ስጧቸው። «ቴሌቪዥን ልንገዛላቸው ነው» አትበሉኝ፤ ቴሌቪዥን አላቸው።

ሙሽራው የመጨረሻ ጥይቱን ተኮሰ። «ጋሼ፣ ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን ፎቶ ላይ ባሕር ሲኖር ያምራል።»

«ፎቶውን ለማን ነው የምታሳየው?»

«ለጓደኞቼ።»

«ጫጉላው የጓደኞችህ ከሆነ እነሱን ይዘህ ሂድ። የአንተና የእሷ ከሆነ ግን ስልኩን ዝጋና ና።»

እስካሁን አልወሰነም። አክስቴ ግን ወስናለች፤ ባሏንም አሳምናለች፤ ለጥር እንመጣለን ብለዋል። የቀረው ለእነሱ የምትሆን ክፍል ናት። እንግዲህ ጌጫና ማሻ፣ ቴፒና ሚዛን ባዶ ክፍል ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ፦ ፍራሹን ቀይሩ፣ በሩ ላይ ከውስጥ የሚቆለፍ ቁልፍ ግጠሙ፣ ድምፅ ማጉያውን አውርዱ፣ ዋጋችሁን ጽፋችሁ ለጥፉ። ጥር ሩቅ አይደለም።